ጉድጓድ የገባችው ትንሽ መኪና

ታኅሣሥ 8 ቀን 1979፣ ነገሌ

ዛሬም ነፋስ። የዘጠነኛ ክፍልን የፊዚክስ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሾቹ ጉልበትና ፍጥነት አንድ ነው ብለው ጽፈዋል… ማን አስተማራቸው? እኔው።

ከሰዓት ጃታኒ መጣ። የጉያቱ ወንድም፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሾፌር። ጉያቱ እዚሁ ነገሌ አብራኝ ተምራ አሁን ዱብሉቅ ክሊኒክ ነርስ ናት። የእሷን ሰላምታ አድርሶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ካርቶን ይዟል።

"አካም፣ መምህርት?" አለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ውስጡ መኪና! ክንድ የማታክል፣ ቀይ፣ አንቴና ያላት፣ ከነሪሞቷ። የድርጅቱ የውኃ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄዶ ነው። "አልንቀሳቀስ ብላ ነው። አንቺ ታውቂበታለሽ።" የት አውቄ! ግን… አስቀምጠህ ሂድ አልኩት።

ታኅሣሥ 9

ሽቦዋ ተበጥሶ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረባትም። በጋለ ሚስማር እርሳስ አቅልጬ አያያዝኩት። ሪሞቱን ያዝኩ፣ ገፋ አደረግኩ… ሄደች።

በእሷና በእኔ መካከል ምንም የለም። ሽቦ የለ፣ ገመድ የለ። ስለ ራዲዮ ሞገድ ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ያመንኩት ግን ዛሬ ነው።

አባባ ከራዲዮናቸው ቀና ብለው፣ "የዓለም፣ ሃያ ስምንት ዓመትሽ ነው እኮ" አሉኝ።

ታኅሣሥ 14

ከጃታኒ ጋር ወደ ውጭ አወጣናት። አሸዋው ላይ ትንሽ ሄዳ ቆመች። ጎማዋ ይሽከረከራል፣ እሷ ትሰምጣለች። ጃታኒ እየሳቀ፣ "የነገሌን አሸዋ ላንድሮቨሩም አይችለው" አለ።

ታኅሣሥ 20

የባትሪ ድንጋይ ጨመርንላት። በረረች! አጥሩን መታች፣ የፊት መከላከያዋ ተሰነጠቀ። አሸዋው ላይ ግን ያው ናት። ፍጥነት አገኘች እንጂ ጉልበት አላገኘችም… የዘጠነኛ ክፍሎቼን ስህተት ራሴ ሠራሁት። ነገ ይቅርታ ልጠይቃቸው ይሆን?

ታኅሣሥ 30

ጃታኒ ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ቴፕ ይዞ መጣ። ፈታታነው። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች። ትንሿን ሞተሩ ላይ፣ ትልቋን የኋላ ዘንጓ ላይ ገጠምን። ከዚያ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጠን እግሮቿን አለበስናቸው።

ፍጥነቷ ቀነሰ። እንደ ኤሊ ሆነች። ግን ጡብ ጎተተች… ሙሉ ጡብ! በአሸዋው ላይ!

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ወጡ። አዩ አዩና፣ "እስቲ አንድ ጨምሩባት።"

ጨመርን። ጎተተች።

ጥር 6

መብራት ገጠምንላት። ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ከኋላቸው የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት። ጃታኒ ወረቀቱን በጥፍሩ ሲያለሰልስ አየሁት። ትልልቅ እጆች ናቸው። እንዲህ ለስላሳ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም… ይህን ለምን እጽፋለሁ?

ሲመሽ ሞከርናት። ከተማው መብራት ጠፍቶበታል። ከበራችን ወጥታ መንገዱን ስትይዝ፣ ሁለቱ ዓይኖቿ ቀዩን አፈር ፊቷ እያሳዩዋት… ጎረቤታችን መሱዳ ማድጋዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆማ ጮኸች። "ያ ረቢ!" ራሴ የሠራኋት ነገር ናት። ጠጉሬ ቆመ።

ጃታኒ ከኋላዋ እየተከተላት፣ "ዱባ ቢያያት" አለ። ዱባ ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ዱብሉቅ ከብት ያረባል። የሴሚስተሩ እረፍት ሲደርስ ይዘናት እንሂድ አለኝ። ጉያቱም ናፍቃኛለች።

የካቲት 2፣ ዱብሉቅ

በአሬሮ በኩል መጣን። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን ገለባብጠው አዩት፤ ካርቶኑን ከፍተው ግን ሳቁ።

ዛሬ ኤላውን አየሁ። ኤላ፣ ኤላ ሲሉ ስሰማ የውኃ ጉድጓድ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ጉድጓድ አይደለም… ምን ልበለው? ምድር ተከፍታለች። ከብቱ ሰፊውን መውረጃ ተከትሎ እስከ ገንዳው ይወርዳል። ከገንዳው ሥር ደግሞ ቀጥ ያለ ገደል፤ በገደሉ ላይ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የቆዳውን ባልዲ፣ ኦኮሌውን፣ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ከምድር ሆድ ነው የሚወጣው። ከብቶቹ ድምፁን ያውቁታል፣ ጆሯቸውን ቀጥ ያደርጋሉ። ይህን ማን ቆፈረው? ስንት ትውልድ ፈጀ? እኔ ነገሌ ተወልጄ አድጌ እንዴት ይህን ሳላይ?

ከሁሉም በታች የቆመው ዱባ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ። ማምሻ ላይ መኪናዋን አሳየነው። እየዞረ አያት። "ለእኔ ኦኮሌ ትጎትትልኛለች?" አለና ሁላችንም ሳቅን። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ይህ ግን ገባኝ።

የካቲት 4

የኤላው ጎን ተናደ።

ጠዋት የኤላውን ሥር ደለል ሲጠርጉ ነበር። ሌሎቹ ዘለው ወጡ። ዱባ ቀረ። ውኃው ከሚመነጭበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ አንድ እግሩን ድንጋይ ይዞታል። በሕይወት አለ! ድምፁ ይሰማል።

የተናዱት ድንጋዮች ተደጋግፈው ቀዳዳ ትተዋል። ውሻ እንኳ አያስገባም። ረጅም እንጨት ሰደዱ፤ ቀዳዳው መሐል ላይ ይታጠፋል፣ አልደረሰም። የውኃውን ተራ የሚመሩት ሽማግሌ (አባ ሄሬጋ ይሏቸዋል)፣ አባ ዋሪዮ፣ ከላይ ማንም እንዳይነካ ከለከሉ። "ይወርድበታል። ከጎን ነው የሚቆፈረው። ቀስ ብለን።"

ቀስ ብለን… እስከ መቼ? ምንጩ በናዳው ተደፍኗል። ዱባ የተቀመጠበት ደረቅ ነው። በኤላ ሥር በውኃ ጥም!

ጃታኒ ሲቆፍር ዋለ። እኔ አፈር ስሸከም ዋልኩ።

የካቲት 5

መሽቷል፣ ደክሞኛል። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት የዱባ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። ሲጠሩት ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ጉያቱ ከክሊኒኩ የጉሉኮስ ቱቦዎች አምጥታ አንዱን ከአንዱ ቀጣጥላ ጭኗ ላይ ጠቅልላ ተቀምጣለች። "ይህን ጫፍ እሱ ጋ የሚያደርስልኝ…" አለችና ተወችው።

ጃታኒና እኔ ተያየን። መኪናዋ! ሮጥን።

አባ ዋሪዮ መኪናዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። መዘኗት።

"ድንጋዩን ታናውጣለች?"

"አታናውጥም፣ አባ" አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ? አልነበርኩም።

"እንግዲያው ትግባ። ዋቃ ይምራት።"

ከኋላዋ ቀጭን ሲባጎ አሰርን። በሆዴ ተኛሁ፣ የሪሞቱን አንቴና ወደ ቀዳዳው ቀሰርኩ። መብራቷን አበራን። ገባች… ድንጋዮቹ አንድ በአንድ እየበሩ ተመልሰው ይጨልማሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የምድርን ጉሮሮ የማይ ነበር የመሰለኝ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ተሰወረች። ግድግዳው ላይ ብርሃኗ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ።

አሁን ወዴት? ምንም አይታየኝም። ከገፋሁ ትገለበጣለች።

ያኔ ከውስጥ ድምፅ መጣ። "ኢፋ!" ጉያቱ ክንዴን ጨበጠች። ብርሃን ነው ያለው። "ኢፋ! ኢፋ!"

እኔ አላያትም፣ እሱ ግን ያያታል! ጃታኒ ጮኾ ነገረው፤ ምራት፣ መምህርቷ ትሰማሃለች አለው። ዱባም መራን። "ገራ ምርጋ…" ወደ ቀኝ። "ገራ ቢታ…" ወደ ግራ። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ። እሱ ዓይን፣ እኔ እጅ። ቀኝና ግራን የተማርኩት ገበያ ነው፣ ጋሪ ነጂዎች ሲጣሉ እየሰማሁ።

አንድ ቦታ ያዛት። ሞተሯ ሲያቃስት ይሰማኛል። ወደ ኋላ መለስኳት፣ እንደገና ገፋሁ። አልሆነም። እንደገና። ከኋላዬ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዟል። ሲባጎው በጃታኒ ጣቶች መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አልተነቃነቀም… አልተነቃነቀም… ከዚያ በአንዴ ሾለከ።

"ይዣታለሁ!"

ማን ነበር የጮኸው? ዱባ ነው? ሁላችንም?

የቱቦውን ጫፍ ከሲባጎው አሰርንለት፤ ዱባ ሳበ። ጉያቱ ስኳርና ጨው የበጠበጠችውን ውኃ ከላይ ይዛ ለቀቀችው። ጠበቅን። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የዝንብ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"ይጣፍጣል" አለ ዱባ።

አባ ዋሪዮ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

መብራቷን እንዳናጠፋበት ለመነ። ማጥፋትስ ከዚህ ሆነን አንችልም። የባትሪ ድንጋዩ እስኪደክም ታበራለታለች።

የካቲት 7

ወጣ!

ከጎን ቆፍረው ደረሱበት። ሲያወጡት ፊቱ አመድ መስሏል፣ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ክፉኛ ተጎድቷል። ጉያቱ አስራዋለች፤ ያቤሎ ሐኪም ቤት ይወስዱታል። ገና ከመውጣቱ ቀሪው ናዳ ከኋላቸው ዘጋው። ማንም አልተነካም። መኪናዋ እዚያው ቀረች።

"መኪናሽ…" አለኝ ጃታኒ። መኪናችን ማለቱ ነው። ትዝም አላለችኝ።

ዱባ ላንድሮቨሩ ላይ ከመጫኑ በፊት አስጠራኝ። ጃታኒ አስተረጎመልኝ፤ እንዳይሳሳትብኝ ሁለቴ አስደገምኩት።

"ብርሃኑ ሲመጣ፣ መኪናዋ ናት ብዬ አላሰብኩም። እናንተ ሁላችሁ፣ ከላይ ያላችሁት፣ አንድ ላይ የገባችሁ መሰለኝ።"

እስኪጭኑት ድረስ እጁን አልለቀቅኩም።

የካቲት 13፣ ነገሌ

አባባ መጀመሪያ የጠየቁኝ መኪናዋን ነው። ነገርኳቸው። አማተቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ሁለተኛውን ጡብ ያስጨመርኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ታኅሣሥ 6 ቀን 1980፣ ዱብሉቅ

እዚህ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ዝውውር ስጠይቅ የትምህርት ቢሮው ሰው፣ "ከነገሌ ወደ ዱብሉቅ? በፈቃድሽ?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ጃታኒ ለአባባ ሽማግሌ ልኳል። አባባ እያሰቡበት ነው። እናስብበት ያሉትን ነገር እስካሁን እምቢ ብለው አያውቁም።

ኤላው ዛሬ ተከፈተ። የጎኑን ግድግዳ እንደገና ሲሠሩ ከርመዋል። ዱባ አሁን በከዘራ ነው፣ መውረድ አይችልም። ገንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ዘፈኑን አወጣ። ከብቶቹ ከሩቅ ሰምተው አቧራ እያስነሱ መጡ።

ሰዎቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። መሐል ላይ አንድ ሰው ጎደለ። አባ ዋሪዮ ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ። እኔ? ጫማዬን አወለቅኩ።

ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። የእግር መቆሚያው በስንት ሰው ተረግጦ ሙልጭ ብሏል። ወደ ታች አላየሁም… ዋሸሁ፣ አየሁ። ጨለማ፣ ከጨለማው ሥር የውኃ ብልጭታ፣ ከእኔ በታች የሰዎች ራስ፣ ከእኔ በላይ ጃታኒ። የመጀመሪያው ኦኮሌ እየተንጠባጠበ ሲመጣ ከብዶኝ ልደፋው ነበር። ከታች ያለችው ልጅ ሳቀችና ከፍ አድርጋ ደገፈችልኝ። ለጃታኒ አቀበልኩት። ሌላ መጣ። ሌላ። ክንዴ መቃጠል ሲጀምር ዘፈኑ እየገፋኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ግጥሙን አላውቀውም፣ አፌ ግን ተከፍቷል።

ከላይ፣ ከማላየው ቦታ፣ ከብቶቹ ሲጠጡ ሰማሁ።