ሦስት ጊዜ ያጠበብኩት ቀሚስ

ውድ እትዬ፣

ከሄድሽ አራት ዓመት ሞላ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ጠፍቶ አይደለም፤ አንቺን የማይበት ዓይን አጥቼ ነው። አሁን ግን ካንቺ በቀር ለማንም የማልነግረው ነገር ተጠራቅሞብኛል።

ያችን ጠባብ ስፌት ቤታችንን ታስታውሻታለሽ። መኪኖቻችን ፊት ለፊት ነበሩ፤ አንቺ ቁልፍ ስትተክዪ እኔ ጫፍ ስቀመቅም እንውላለን። በዚያ ዓመት ሰማያዊ ቀሚስሽን «ሰፋኝ፤ እስቲ ያዝ ያዝ አድርጊልኝ» ብለሽ ሰጠሽኝ። ወገቡን ሁለት ጣት አጠበብኩት። ከሁለት ወር በኋላ ደግመሽ አመጣሽው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታመጪው ሜትሩን ወገብሽ ላይ አዙሬ፣ ምስጢሩን ለእኔም ንገሪኝ፣ ልጃገረድ ሆንሽ እኮ ብዬ ቀለድኩብሽ። ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ሰው ምግቡን ሳይቀንስ፣ ምንም ሳያደርግ እንዲህ ሲከሳ ምክንያቱን መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም።

ጡትሽን ያየሁት አንድ ቀን ገላሽን ታጥበሽ ስትለብሺ ሳላንኳኳ ስለገባሁ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። ከመቼ ጀምሮ ነው ስልሽ ፎጣውን ወደ ላይ ሳብሽው።

«ዓመት አልፎታል። ግን እኮ አያመኝም፤ የማያም ነገር ምን ያደርጋል?»

በኋላ ሆስፒታል ስወስድሽ ሐኪሟ እንደነገረችን፣ እብጠቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ሰባት ወር ብቻ ቆየሽልን። ለጠየቀን ሁሉ ጨጓራ ነው አልን። ለልጅሽም ጨጓራ ነው አልናት። የበሽታው ስም ከአፌ እንዳይወጣ አስማልሽኝ፤ ማልኩልሽ።

አምና ደግሞ ልጅሽን ሒሳብ ያስተማሯት መምህር፣ አንቺ «ኮስታራው» የምትያቸው፣ ለልጃቸው ሠርግ ሸሚዝ ሊያሰፉ መጡ። አንገታቸውን ስለካ ከሥሩ ካለው አጥንት በላይ ጣቴ ጠንካራ እብጠት ነካ፤ የእርግብ እንቁላል ያህላል። ያምዎታል ወይ ስላቸው፣ ምንም አሉኝ። ቀበቷቸውን አየሁት፤ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው። እኔ ምን ቤት ነኝ? ልኬቱን ጻፍኩ፣ ቀጠሮ ሰጠኋቸው፣ ወጡ።

መንገዱን ሳይሻገሩ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሮጬ ደረስኩባቸው። ስለ እብጠቱም ስለ ቀበቶውም ነገርኳቸው፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይመርመሩ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ ሐኪም?»

«ሐኪም አይደለሁም» አልኳቸው። «የእህቴን ቀሚስ ግን ሦስት ጊዜ ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ያኔ ምንም አልጠየቅኋትም።»

መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። ሸሚዙን ጨርሼ ሰቀልኩት። የቀጠሮው ቀን አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፣ ሰውየው የሉም። ደንበኛም አጣሁ፣ ሰውም አስቀየምኩ እያልኩ ስብሰለሰል በአምስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው መጡ። ገና ከበሩ እጄን ያዙኝ። ለካ ሰውየው ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልባቸው ነበር፤ በሙቀቱ ያመካኙ ነበር። ሲመረመሩ የንፍፊት ካንሰር ነው ተባለ። ሳይሰራጭ ስለተደረሰበት ሐኪሞቹ ተስፋ ሰጥተዋቸዋል።

ባለፈው ወር ሕክምናቸውን ጨርሰው ራሳቸው መጡ። ጸጉራቸው እንደ ሕፃን ጸጉር ለስልሶ በቅሏል። አንገታቸውን ዘርግተው፣ «በይ ሐኪሟ፣ እንደገና ልኪኝ» አሉኝ። ኮስታራው ሲቀልዱ ሰምቼ አላውቅም።

ደስታዬ ግን እስከ ማታ አልቆየም። ለባዕድ ሰው መንገድ ላይ የሮጥኩት ሴትዮ፣ ቤቴ ውስጥ ላለችው ልጅሽ አራት ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም። አንቺን ያከመችሽ ሐኪም ያኔ፣ በሽታው በዘር ሊመጣ ስለሚችል እህትም ልጅም ይታዩ ብላኝ ነበር። እኔም ፈርቼ አልሄድኩም።

መጀመሪያ ራሴ ሄድኩ። ደህና ነሽ፣ ግን በየዓመቱ ነይ አሉኝ። ከዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጅሽን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ልጅ አልነበርኩም» ብቻ ብላኝ ወጣች። በረንዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ ተቀመጠች። ስትመለስ አልጋው ላይ አጠገቤ ጋደም አለች።

«የት ጋ ነበር?» አለችኝ።

እጇን ይዤ፣ በራሴ ጡት ላይ፣ ያንቺ የነበረበትን ቦታ አስነካኋት። እጇን ቶሎ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁባትም።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ሐኪሟ መረመረቻት፤ ምንም የለባትም። በየወሩ ጡቷን በራሷ እንዴት እንደምትዳስስም አሳየቻት። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ክንዴን ይዛ ስላንቺ ስትጠይቀኝ መጣች፤ ስለ ሕመምሽ ብቻ አይደለም፣ ስለ ሁሉ ነገርሽ።

እትዬ፣ መሐላሽን አፍርሻለሁ። ብትቆጪኝም እችለዋለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ሁለታችንም።

ታናሽሽ