የኮሌታው ልክ

ጉለሌ፣ ኅዳር 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሠርካዲስ፣

የመቱ ዝናብ አባርቶልሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ደክሞኛል።

እናትሽ መተንፈስ አቅቷታል። ከአዲሱ ገበያ እስከ ቤት ስንመጣ ሦስት ቦታ ተቀምጣ አረፈች። መጋደም ስለማትችል ግድግዳ ተደግፋ ታነጋለች። ብርድ ነው እያለች ስትሞግተኝ ከርማ፣ ባለፈው ሳምንት እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ የሚያነሣው ሰውዬ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲላት «የቱን?» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ዶክተሩ ራጁን አይቶ ለብቻዬ ጠራኝ። በቀኝ ሳንባዋ ግርጌ ነጭ ነገር አለ። «ከአራት ዓመት በፊት ጡታቸው ሲቆረጥ የተነሡትን ራጅ ያምጡልኝ። ያኔም ከነበረ የቆየ ጠባሳ ነው። ካልነበረ ግን ካንሰሩ ወደ ሳንባቸው ሄዷል ማለት ነው» አለኝ።

ልጄ፣ ያን ራጅ ቆራርጬዋለሁ። ድናለች፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብዬ። ጨርቅ ላይ አስቀምጠን ለምንቀድበት የኮሌታ ልክ ካርቶን ቶሎ ያልቃል፣ ራጅ ግን ጠርዙ አይበላም፤ ሽሮ ሜዳ ያለን ልብስ ሰፊዎች ሁላችንም የምናደርገው ነው። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር የደንብ ልብስ ኮሌታ በሙሉ የተቀደደው በእናትሽ ደረት ነው። ስነግራት «እሰይ፣ እኔ ከስብሰባ ብቀርም ደረቴ አልቀረም» ብላ አሾፈችብኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቁርጥራጩን መስኮት ላይ ገጣጠምኩት። የጎደለው የቀኙ ግርጌ ብቻ ነው። እሱ አምና ለተማሪዎችሽ ልብስ እንድትሰፊበት የላክሁልሽ የሕፃናት ኮሌታ ልክ ነው። አደራሽን፣ በመቀስ እንዳትነኪው። ዶክተሩ የቀጠረን ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እናትሽ «ተማሪዎቿን እየፈተነች ነው፣ አታስጨንቃት። በፖስታ ትላከው፤ ለምን እንደሆነም አትንገራት» ብላኛለች። ይህን ደብዳቤ ሳላስነብባት ነው የማሽገው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። ዶክተሩ ቁራጩን ወደ መብራቱ ሲያነሣ ብቻዬን መቆም አልችልም።

በፖስታ አትላኪው። አንቺው ይዘሽው ነይ። ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ።

አባትሽ
ዋቅጋሪ ቱሉ

ልኩ ቢጠፋብሽም ነይ።