ከይፋግ ወዲያ አራት ደቂቃ

ጥቅምት 26፣ ንጋት 11፡30

ጉና ተራራ አይታይም። ዳመናው እስከ ወገቡ ወርዷል። ንፋስ የለም። መብረር ቢፈቀድልኝ ኖሮ ዛሬ ከሦስት ሰዓት በፊት አልነሣም ነበር። የጠየቀኝ የለም። በየማለዳው እወጣለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣ ተመልሼ ላንተ እነግርሃለሁ፣ ደብተሬ። አውሮፕላኗ ሜዳው ላይ ሸራ ለብሳለች። እኔ ደ/ታቦር፣ አባባ ቤት። ፈቃዴ ከታገደ ስድስተኛ ቀን።

አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እብናት ቆላ፣ ማሽላ ላይ የሰፈረ ግሪሳ ወፍ ላይ መድኃኒት ረጭቼ እየተመለስኩ ነው። አመሻሽ። ዳመና ከበታቼ ይዘጋል። ስክሪኑ ላይ ካርታ አለ፤ አላየውም። የዚህ አገር ልጅ ነኛ! እኛ መንገድ የምንጠቁመው በደብር ነው፤ ከሚካኤል በላይ፣ ከማርያም በታች። ከሰማይም ያው ነው። አገሩ ሁሉ እርሻ፣ ደን ያለው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ። በዳመናው ቀዳዳ ጥቁር ደን አያለሁ። የኛ ደብር ነው እላለሁ። ለካ ጣራ ገዳም ነው። ከሥሩ አስፋልት። የጋይንት መንገድ ነው ብዬ እከተለዋለሁ። ለካ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ነው። ይፋግን አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ፣ ያለ ፈቃድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ማማ የሚቆጣጠረው ሰማይ ውስጥ ገባሁ። መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን ሊያርፍ እየወረደ ነበር። በኔ ምክንያት አፍንጫውን ሽቅብ አዙሮ ተመለሰ።

ይኸው።

ማማው ላይ ተቆጣጣሪ የነበረው መሰለ ነው። አባባ ዘንድ አብሮኝ ዳዊት የደገመው መሰለ። ከዛሬ ጀምሮ መ. ብቻ። ሙሉ ስሙን አልጽፍለትም።

ጥቅምት 27፣ ቀትር

መነኻሪያው ጋ ሳልፍ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ካፒቴን! ግባ ይልቅ፣ እኛ እንኳ መንገድ አንስትም!» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ወሬውን ማን ዘራው? መ. ነው። ማንነቴን በድምፄ ሲለይ፣ ሁሉም አብራሪ በሚሰማው የራዲዮ መስመር ላይ፣ አንተ ነህ እንዴ፣ አገርህ ጠፋብህ? አለኝ። አንድ ሰው ሳቀ። የመንገደኛው አውሮፕላን አብራሪ ይመስለኛል። አጭር ሳቅ። እንደ ሳል።

የገዛ አገሬ። ያንን ነው የማልምረው። መንገድ ሳተ ይበለኝ። አገርህ ጠፋብህ አይበለኝ።

ጥቅምት 29፣ ከሰዓት በኋላ

አገኘሁት። ቁጭ ብዬ ደንቡን አነበብኩ። ተቆጣጣሪ በመስመር ላይ ከታዘዘው ቃል ውጭ መናገር አይፈቀድለትም። ቀልድ ክልክል። ስድብማ ምን ይባላል። ሁሉም ነገር ይቀዳል፤ የሚጠይቅ ከሌለ ከወር በኋላ ይደመሰሳል። እኔ ልጠይቅ ነው። አቤቱታውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ በየጊዜው አጠረ፣ በየጊዜው ሰላ። መ. ከማማው ደረጃ በእግሩ ሲወርድ ታየኝ። ቀስ ብሎ። መታወቂያውን አስረክቦ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የጸዳ ደስታ ጥቂት ነው ያየሁ።

እናቱ መጣች። እትዬ ብርቄ። ንፍሮ በሳህን ይዛ። ምንም አታውቅም፤ ልጇ በስልክ ስሜን ስታነሣበት ወሬ እንደሚቀይር ብቻ። ወረቀቶቼን ገልብጬ አስቀመጥኩ። «ምነው ተኳረፋችሁ? ሁለታችሁም ሽማግሌ ልትሆኑ ምን ቀራችሁ? ድሮስ አንዱ ሲወድቅ ሌላው አልነበር የሚያነክሰው!» አለችና ሳህኗን ሳትወስድ ሄደች።

ንፍሮውን አልነካሁትም። ከዚያ በላሁት።

ኅዳር 1፣ ጠዋት 3፡00

አባባ አንድ ዓይናቸውን ካጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ አቤቱታዬን አነበብኩላቸው። ይመርቁኛል ብዬ። ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል፣ የቃል ጉዳት ያውቃሉ ብዬ።

እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ የገባህበት ሰማይ አጥር አለው? አሉኝ። የለውም አልኳቸው። ታዲያ በምን ይታወቃል? በካርታ፣ በራዲዮ፣ ጠይቆ በመግባት። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳያውቅ መቅደስ የገባን ሰው እኔ ለምን ገባህ አልለውም። ካወቅህ በኋላ ስንት ቆየህ ነው የምለው።»

ፀሐይ በዝቶብዎታል፣ ይግቡ አልኳቸው። አልገቡም። አንዷን ዓይናቸውን እኔ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። እኔ ነኝ የገባሁ።

ኅዳር 1፣ 4፡10

ላንተ ልንገርህ። ለማንም አልነገርኩም።

ሐይቁን አየሁት። ይፋግን እንዳለፍኩ፣ በቀኝ ክንፌ በኩል፣ ፀሐይ ወድቆበት እንደ ቆርቆሮ ሲያበራ። ጋይንት ላይ ሐይቅ የለም። የት እንዳለሁ ያን ጊዜውኑ አወቅሁ። መ. ይጠራል። ያልታወቅህ አውሮፕላን፣ የት ነህ? ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛ። እጄ ራዲዮው ላይ ነው። ልመልስ ሳይሆን፣ ድምፁን ልቀንስ። ሹልክ ብዬ ልወጣ። ያየኝ ሳይኖር። ሰዓቱን አይቻለሁ፤ የመለስኩት ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። መንገደኛው አውሮፕላን የተመለሰው በነዚያ አራት ደቂቃዎች ነው። ወዲያው መልሼለት ቢሆን ሌላ አቅጣጫ ይሰጠኝ ነበር፣ ያኛውም ያርፍ ነበር።

ደን ከደን ማምታታት ስሕተት ነው። ይኸኛው ምንድን ነው?

አቤቱታው እዚሁ አለ። አልቀደድኩትም።

ኅዳር 2፣ 9፡00

ኃላፊዬ የመ.ን ሪፖርት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ደውሎም አበሠረኝ፤ ቀላል ነው፣ በማስጠንቀቂያ ታልፈዋለህ፣ ያንተን ቅጽ ብቻ እስከ ኅዳር 5 አስገባ። ከሱ ጋር የተስማማ ይሁን።

አነበብኩት። አብራሪው በመጀመሪያው ጥሪ ወዲያው መለሰ፣ የታዘዘውንም ፈጸመ፣ ይላል።

ወዲያው።

ዋሸልኝ። ሰደበኝ፣ ከዚያ ዋሸልኝ። ስድቡን እንዴት እንደምጠላ አውቅ ነበር። ይኼን ግን በምን እጄ ልያዘው? ዕድሜ ልኬን በበረርኩ ቁጥር የሱ ውለታ አጠገቤ ሊቀመጥ ነው። ቀበቶ አስሮ።

ማታ

ገባኝ። ደንቡን ሁሉ ማገላበጥ አያስፈልገኝም ነበር። እውነቱን ብቻ መጻፍ በቂ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቼ አራት ደቂቃ ዝም አልኩ ካልኩ፣ የድምፅ ቅጂው ይወጣል። ከቅጂው ጋር የመ. ሐሰት። እኔ ፈቃዴን አጣለሁ፤ እሱ ማማውን። ከዚህ የበለጠ በቀል የት ይገኛል? ማንም አይወቅሰኝም። እውነት ተናገረ ነው የሚሉኝ።

ጻፍኩት። አንድ ገጽ። አንድም ቃል አልሰረዝኩም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡20

ጉና ጥርት ብሏል። ከሥሩ ያለችው እያንዳንዷ ደብር ትታያለች። እንዲህ ባለ ቀን ማን ይስታል።

ቅጹ ነገ ይገባል። ሌሊቱን አራቱን ደቂቃዎች ከቅጹ አወጣሁ፣ መለስኩ፣ አወጣሁ። ካወጣኋቸው መ. ማማው ላይ ይቆያል፣ እኔም እበርራለሁ። ያኛው አውሮፕላን ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ ግን አልጠየቅሁም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስለ አንድ ሳቅ ጽፌ ስለነሱ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። እውነት ነው፣ የለም።

አራቱ ደቂቃዎች ይግቡ። ቆርጫለሁ።

አቤቱታውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። ይቅር ብዬው አይደለም። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ምናልባት እዚያው ያረጃል። ግን ሳላስጠነቅቀው ከኋላው ከገባሁ፣ እኔ ያው ነኝ፤ ድምፅ ቀንሶ ሹልክ የሚል። እደውልለታለሁ። ነገ ቀትር ላይ እውነቱን አስገባለሁ፣ አንተ ቀድመህ የራስህን አርም፣ እለዋለሁ። ራሱ ያረመ ከተጋለጠ ይሻላል። ይቆጣ። ይስደበኝ። ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።

አባባ ግድግዳው ሥር ናቸው። ነገርኳቸው። ስንት ቆየህ ብለው እንደገና አልጠየቁኝም። አራት ደቂቃ፣ አልኳቸው በራሴ።

2፡45

ደወልኩ። ብዙ ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሣ። ጀርባው ላይ የማማው ጫጫታ አለ፤ ሥራ ላይ ነው። ከዚያ፣ እንደዚያን ቀን አይደለም፣ ቀስ ብሎ፣

«የት ነህ?» አለኝ።

ደብረ ታቦር፣ አባባ ቤት፣ አልኩት። ወዲያው ነው የመለስኩለት፣ ለመሰለ። ከዚያ ነገሩን ጀመርኩ፣ በቀኝ ክንፌ በኩል ካየሁት ሐይቅ።