ስለ አንካሳው ዳክዬና ስለ ንጹሑ ቤት

ለተከበሩ የዱርና የቤት አእዋፍ ጥናት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

አስቀድሜ የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎ፣ በማዕከልዎ ሠራተኞች ሁሉና በተለይም በማኅተምዎ ላይ ይሁን እያልኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። የእኛን ጤንነት እርስዎ በቅርቡ በጽሑፍ ስለወሰኑልን በዚያ ላይ አስተያየት መስጠት ድፍረት ይሆንብኛል። እኔ ነዕማት አብዱልሙዕጢ እባላለሁ፤ በሐይቁ ዳር በምትገኘው በኢዝበት አልሐልፋ የመንደሩን ሴቶች ልጆች ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ዳክዬ የማረባና ሰውን በቀላሉ የማላምን ሴት ነኝ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር እንዲገባው በአጭሩ ላስረዳ። ብርዱ ሲገባ ባሕሩን አቋርጠው ሐይቃችን ላይ የሚያርፉት የዱር ዳክዬዎች የወፍ ጉንፋን ለቤት ዳክዬዎቻችን ያስተላልፉ እንደሆነ ለማጥናት፣ ክቡርነትዎ በዶክተር ሹክሪ የሚመሩ ተመራማሪዎችን ላኩልን። ቅዳሜ ዕለት በመረብ የያዟቸውን የዱር ዳክዬዎች መርምረው ከጀልባ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሐጃ ኢንሺራሕ ቤት ገቡና የዳክዬዎቿን ጉሮሮ በጥጥ ጠርገው ሄዱ። ከዚያ ጥቂት ቀን ሐይቁ ላይ ውለው፣ ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ የቀሩትን የጎዳናችንን ቤቶች ዞሩ። ውጤቱ ባለፈው ዓርብ በመስጊዱ በር ላይ ተለጠፈ። የሐጃ ኢንሺራሕ ቤት ንጹሕ ነው፤ የሌሎቻችን ቤት ሁሉ በሽታ ገብቶበታል፤ ስለዚህ በመጪው ሐሙስ ከንጹሑ ቤት በቀር የሁሉም ዳክዬ ተሰብስቦ ይቃጠላል ይላል። ስለ ፍጥነታችሁ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ክቡርነትዎ ወደዚህ ወንበር ከመምጣትዎ በፊት፣ በሽታው መጀመሪያ በተሰማ ጊዜ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው የታመመውንም ያልታመመውንም ዳክዬ ከነሕይወቱ በጆንያ እያስገቡ ከመንደሩ ጀርባ አቃጥለውታል። ጢሱ ከልብሳችን ሳይለቅ ስንት ጊዜ አጥበን እንደነበር እኛ እናውቃለን። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ በመንደራችን መግቢያ ነጭ ልብስ ሲታይ ዳክዬ ሁሉ አልጋ ሥር ይገባል። ይህን ልማዳችንን መንገድ ላይ የሚጫወት ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ የእርስዎ ተመራማሪዎች ግን ባለማወቃቸው ስላከበሩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ። «ዳክዬ የለኝም» ያለች ቤቷ እንደምትፈተሽ ስለምናውቅ፣ አልጋ ሥር የገባው እንዳይነካ ለሐኪም የሚታይ ዳክዬ ማቅረብ ግድ ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ለእንግዳ መዋዋስ ነውር አይደለም፤ ለለቅሶ ወንበር፣ ለሰርግ ትሪ፣ አማት ልትጠይቅ ስትመጣ ምንጣፍ እንዋዋሳለን። ቤቷ ቀድሞ ተመርምሮ ያበቃላት ሐጃ ኢንሺራሕ፣ ለሰው አሳቢ ናትና፣ አውራ ዳክዬዋን ባሻን ከነሚስቶቹ አዋሰችን። ባሻ ግራ እግሩን የሚያነክስ፣ ሆኖም አንገቱን ቀና አድርጎ የሚራመድ ኩሩ ፍጥረት ሲሆን ስሙም የወጣለት በአረማመዱ ነው። ተመራማሪዎቹ በአንዱ ቤት በር ሲወጡ ባሻ በልብስ ቅርጫት ሆኖ በጣሪያ ላይ ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገር ነበር።

«ቶሎ በይ እንጂ አንቺ፣ ሻያቸውን ጨርሰው ተነሥተዋል» ትላለች የወዲያኛዋ።

«ምን ላድርግ የኔ እናት፣ ቅርጫት ውስጥ አልቀመጥም አለኝ እኮ። ወንድ መሆኑን አትርሺ» ትላለች የወዲህኛዋ።

እንዲህ ሆኖ ክቡርነትዎ፣ ከረቡዕ ጀምሮ በየቤቱ የእርስዎን ሊቃውንት እያነከሰ የተቀበላቸው ያው አንድ ባሻ ነው። ዶክተር ሹክሪ እኔ ቤት ሲደርሱ በትዝብት ቆም ብለው፣ «በዚህ መንደር የዳክዬ አንካሳነት በዝቷል፤ ይመዝገብ» ብለው ለረዳታቸው አዘዙ። በተለጠፈው ውጤት መጨረሻም የዳክዬዎቻችን የእግር ድካም ራሱን የቻለ ጥናት እንደሚያስፈልገው ተጽፎ አንብበናል። ለዚያ ጥናት ስትመጡም ባሻ በደስታ ይተባበራል።

ሦስተኛ። ተመራማሪዎችዎ አንድ ዳክዬ ሁለት ጊዜ እንዳይመረመር ጥንቃቄ አድርገው የእያንዳንዱን ክንፍ ሰማያዊ ቀለም ይቀቡ ነበር። ጥንቃቄው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ቀለሙ በሎሚና በሳሙና እንደሚለቅ ከመምጣታችሁ በፊት አንዲትን ሴት ብትጠይቁ ኖሮ፣ የጎዳናችን ሴቶች በየጣሪያው ላይ ያን ሁሉ ሎሚ ባልጨረሱ። ባሻ የመጨረሻው ቤት ሲደርስ ከመታጠብ ብዛት ዓይን የሚወጋ ነጭ ሆኖ ስለነበር ዶክተር ሹክሪ በአድናቆት ወደ ባለቤቲቱ ዞረው፣ «ምን ብትመግቡት ነው ክንፉ እንዲህ የሚያበራው?» ብለው ጠየቁ።

«ዱዓ ነው ዶክተር» አለቻቸው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ማታለላችንን እያየ ሊስቅ ወይም ሊቆጣ ይችላል፤ እኛም ስቀን ነበር። ዓርብ ዕለት ውጤቱን መስጊዱ በር ላይ ሳነብ ግን ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ባሻ ቅዳሜ በገዛ ቤቱ ሲመረመር ንጹሕ ነበረ። ያው ባሻ ረቡዕና ከዚያ ወዲያ በእኛ ቤት ሲመረመር ታሟል። ከዚያ በቅርጫት ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሐሙስ የምታቃጥሉት ማንም ያላያቸውን፣ አልጋ ሥር የተቀመጡ ዳክዬዎች ሲሆን፣ በሽተኛው ግን በማኅተምዎ ንጹሕ በተባለው በአንዱ ቤት ውስጥ በሰላም ይኖራል።

አራተኛና ለሌሎቹ ሁሉ መነሻ የሆነው ቅሬታዬ ይህ ነው። ሐጃ ኢንሺራሕ ልጇ በሥራ ምክንያት ሩቅ ስለሆነ የልጅ ልጇን ሩቀያን የምታሳድግ ባልቴት ናት። ሩቀያ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን ስትሆን ባሻን በመዳፏ ታበላዋለች፤ ስትተኛም እሱ ካጠገቧ ካልሆነ አልተኛም ትላለች። ውጤቱን ባነበብኩ ዕለት እየሮጥኩ ሄጄ፣ «ሐጃ፣ ሕፃኗን ከዳክዬው አርቂ፣ የታመመው እሱ ነው» ብላት፣ የክቡርነትዎን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አሳየችኝ። በመስታወት አስገብታ ከባሏ ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቅላዋለች።

«ነዕማት» አለችኝ፣ «ዶክተሩ ንጹሕ ነሽ ብሎ በመንግሥት ማኅተም ጽፎልኛል። አንቺ ከዶክተር ትበልጫለሽ? ወይስ ዳክዬሽ ሊቃጠል ስለሆነ የኔም እንዲቃጠልልሽ ነው?»

ይህን የምትለኝ ከልጅነታችን ጀምሮ እንጀራ የተቆራረስኳት ጎረቤቴ ናት። አልፈረድኩባትም። ጎዳናው በሙሉ «ሐጃ ሸጠችን፤ እኛን አስመዝግባ እሷ ንጹሕ ተባለች» ብሎ ሰላምታ ነስቷታልና፣ ማንን ልታምን? ዳክዬ ያዋሰችን እሷ፣ ወቀሳ የምትሸከመው እሷ። ክቡርነትዎ በአንዲት ገጽ ወረቀት ጎረቤት ከጎረቤት ለያይተው፣ ባልቴቷን ብቻዋን ከበሽታው ጋር ቤት ዘግተውባታል። እኔ በበኩሌ ሌሊት በተነሣሁ ቁጥር በግድግዳው በኩል ሕፃኗ ብታስል እሰማ ይሆን ብዬ ጆሮዬን እጥላለሁ። እፈራለሁ።

አምስተኛ። ይህን ሁሉ በቃል ለማስረዳት ወደ ማዕከልዎ መጥቼ ነበር። የበር ጠባቂዎ ሳይገላምጠኝ አዳምጦ ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰና፣ «እናቴ፣ ንጹሕ የተባለ ቤት እንደገና አይመረመርም፤ ደንቡ ነው። ታሟል የተባለ ቤት ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር» አለኝ። ከሰው የመጣ ስሕተት ይታረማል ብዬ አምን ነበር፤ የማኅተም ስሕተት ግን ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ እንዳለበት ከዚያ በር ላይ ተማርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ወረቀታችሁ እንዳይታጠፍባችሁ ስትሉ ሕፃን ልትመነጥሩ ይሆን ብዬ መጠርጠሬን አልደብቅም። ጥርጣሬዬ ውሸት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ውሸት መሆኑንም በሥራ ያሳዩኝ።

ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ለጎዳናው ሴቶች በነገርኳቸው ጊዜ ጉድ ነው የፈላብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ብትሰፊው ምን አለበት? ከዳክዬው አልፈው እኛንም ሊያስሩን ነው እኮ» አሉኝ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሁሉንም በራሴ ስም ጽፌዋለሁ፤ ባሻን ያሻገረ ቅርጫት የኔ ነው፣ ሎሚውም ከኔ ዛፍ የተቆረጠ ነው። የሚጠየቅ ሰው ካስፈለገ ቤቴ ከመስጊዱ ቀጥሎ ያለው ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ከአልጋዬ ሥር ልጄ ስትዳር ወደ ቤቷ የምልክላት ዳክዬዎች አሉ። በእኛ አገር የሙሽራ እናት በሰርጉ ማግስት ዳክዬ ጠብሳ ካልላከች ልጇ ዕድሜዋን ሙሉ በአማቷ ቤት አንገቷን እንደምትደፋ ክቡርነትዎም ሳያውቁ አይቀሩም። እነዚያን ዳክዬዎች ከፈለጋችሁ ከሐሙስ በፊት ኑና ውሰዷቸው፤ አልደብቅም፣ አላለቅስም። በምትኩ አንድ ሰው ብቻ ላኩልኝ፤ ሐጃ ኢንሺራሕ የምታምነው ሐኪም ብቻ ነውና፣ በሯን አንኳኩቶ፣ ባሻን ዳግመኛ መርምሮ፣ ሩቀያንም አይቶ፣ «ተሳስተናል» የሚል ሐኪም። ቃሏ አንዲት ናት፤ እኔ ለተማሪዎቼ አስጽፋት ነበር፣ ከባድ አይደለችም።

ምርምርዎ ይስፋ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ወንበርዎም የሚያነክስ እግር አይኑረው እያልኩ፣ ሳትመረመር ታማለች የተባለችው፣ እርስዎን ግን ሙሉ ጤና የምትመኝልዎ፣ ትሑት ጎረቤትዎ፤

ነዕማት አብዱልሙዕጢ
ኢዝበት አልሐልፋ

ማስታወሻ፦ የዱር ዳክዬው በሽታ በየት በኩል ወደ ቤት እንደሚገባ ለማወቅ ይህን ያህል ስለደከማችሁ አንድ ነገር ሳልጠቁም ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ቅዳሜ ዕለት ዶክተር ሹክሪ ከሐይቁ ሲመጡ ጨዋ ሰው ናቸውና የሰው ቤት በጭቃ ላለማበላሸት የጎማ ቦት ጫማቸውን ከሐጃ ኢንሺራሕ በር አጠገብ ባለው ገንዳ ውስጥ አጥበው ገቡ። ሐጃ በጨዋነታቸው ተደንቃ ለጎዳናው ሁሉ አውርታለች። ገንዳው ባሻ ውሃ የሚጠጣበት ነው። ለሐሙስ ግን አይቸገሩ፤ በየደጃችን አንድ አንድ ገበቴ በሎሚና በሳሙና አዘጋጅተን አስቀምጠናል፤ ቀለማችሁን አስለቅቋል፣ ጫማችሁንም ያጠራል።