በልብስ የተመዘነው ልጅ

ጥር 6
ሰልፉ እስከ በሩ። እግሬ አብጧል። ከሰዓት ወደ ሕፃናት ክፍላችን አንድ አባት የሁለት ወር ልጁን ይዞ መጣ... ሳል። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው፣ አሳቀኝ። ብብቱን ይዤ ሳነሳው ልጁ ጮኸ። "ቁጡ ነው እህቴ፣ በእናቱ ወጥቶ ነው" አለኝ። ላውልቅለት ስል "ይበርደዋል" አለ። እኔም ደክሞኝ... ከነልብሱ መዘንኩት፣ ለልብሱ ግማሽ ኪሎ ቀነስኩ። ጉንፋን ነው ብዬ ሸኘኋቸው።

ጥር 15
እረፍት ጠየቅኩ። ተከለከልኩ። ተዉኝ እስቲ ልተኛ።

ጥር 27
ዛሬ ድንገተኛ ክፍል ተመድቤ ነበር። ያ ልጅ መጣ፤ እያንቀጠቀጠው፣ ከንፈሩ ጠቁሮ። አባትየው "ከሶፋ ተንከባሎ ወደቀ" አለ። እናትየው "እንደተኛ ነው እንዲህ የሆነው" አለች። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ እንዴት ብሎ ይንከባለላል? ሲረጋጋ ሐኪሟ "አውልቂው" አለችኝ። "ሁሉንም።" ኮፍያው ሲወልቅ ጆሮው ላይ ሰማያዊ የብልዝ ምልክት። ክው አልኩ።

ጥር 28
ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። ራጁ ላይ ደግሞ ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሮ መጠገን ጀምሯል። "ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሆነው አይቀርም" አለች ሐኪሟ። ቆጠርኩ። ያኔ ብብቱን ስይዘው የጮኸው...
ካርዱን አወጣሁት። የገዛ እጅ ጽሑፌ፦ "ቆዳ፦ ደህና"። ሳላይ! ስንቱን ካርድ እንዲህ ሞልቻለሁ?

ጥር 29
አባትየው ከፖሊስ ለመጣችው መርማሪ "ነርሷ ራሷ አይታ ደህና ነው ብላለች፣ ካርዱን እዩት" ብሏታል። እውነቱን ካወጣሁ ሥራዬ... ዝም ካልኩ ልጁ ወደዚያው ቤት ሊመለስ ነው። እህቴ በስልክ "ምን አገባሽ፣ አፍሽን ያዢ" አለችኝ። እኔም አስቤው ነበር። አፈርኩ።

የካቲት 1
ጻፍኩ። "ልብሱን አላወለቅኩም። ቆዳውን አላየሁም። ሲነሳ ጮኋል።" ሐኪሟ አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ። "ሙሉ ስምሽን ጻፊበት" አለችኝ።
"ማን ነው ያደረገው ግን?"
"እሱን የሚያጣሩ አሉ። የኛ ያየነውን መጻፍ ነው።"
"ያላየነውንም" አልኳት።

መጋቢት 19
የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሥራው ግን አልቀረም፣ እግሬም እንዳበጠ ነው። ዛሬ ልጁን አያቱ ይዘውት መጡ፤ ፍርድ ቤት ለጊዜው ለእሳቸው ሰጥቷቸዋል። ግራ እጁ ገና አይጨብጥም። ሰልፉ እስከ በሩ። የልብሱን ቁልፍ መፍታት ስጀምር "ይበርደዋል ልጄ" አሉኝ።
"አውቃለሁ እማማ። ቶሎ ነው።"
ከጆሮው እስከ እግሩ አየሁት። አገላብጬ ጀርባውንም። ከዚያ ብብቱን ይዤ ወደ ሚዛኑ አነሳሁት።
አላለቀሰም።