ስሟ ሙሉ ሆኖ ሲታተም

አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም አልታዬ
መካነ ሰላም

እንዴት ከርመሻል? ትኩሳቱስ ጨርሶ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ይህን ሲያነቡልሽ ቁጭ በይ። የምነግርሽ ደስታ ነው። ልጅሽ ወለተ ጊዮርጊስ ተገኝታለች።

አምና አንቺ ታመሽ ደሴ ሆስፒታል ስትገቢ፣ በድርቁ ጊዜ የገባችሁበትን መጠለያ ልጆች ወደየማሳደጊያው እንደወሰዷቸው ታውቂያለሽ። የሁሉም ስም በፈረንጅ ፊደል እኔ የምሠራበት ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ደጋግሜ እያሳተምኩ ፈለግኋት። ወረቀቱ ግን «ወለተ፣ ወለተ፣ ወለተ» እያለ ይወርዳል። ለስታትስቲክስ የምንጠቀምበት የኮምፒውተር ቋንቋ ስሞቹን ሲያትም ጠባብ ዓምድ ስለተሰጠው፣ የተረፈውን ፊደል ይቆርጠዋል። ማርያምም፣ ሥላሴም፣ ጊዮርጊስም ውጭ ቀሩ። የአባቶቹም ስም «ወልደ» ብቻ ሆነ።

አለቃዬን አቶ ፈንታውን «ዓምዱን ላስፋው?» አልኳቸው።

«ወረቀት ይፈጃል። ከእኛ የሚፈለገው ድምሩ ነው» አሉ።

«እናት ልጇን በድምር አትፈልግም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሥሪው» አሉ።

ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ረጅሙን ስም እንዲለካ፣ አጫጭሮቹን በባዶ ቦታ ሞልቶ እኩል እንዲያሰልፋቸው አድርጌ ትእዛዙን እንደገና ጻፍኩት። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን ሲገፋ ቆሜ አየሁ። «ወለተ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል፣ ቦረና» ይላል። ወረቀቱን ይዤ መሬት ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ከስሟ ጎን የተጻፈው ማሳደጊያ ሄድኩ። አላወቀችኝም። «የእናትሽ የአልታዬ እህት ነኝ» ስላት ቀሚሴን ጨበጠች፤ አልለቅም አለች።

አሁን ከእኔ ጋር ናት። ጉንጯ ሞልቷል። ሹሩባ ሠራኋት፤ ፊደልም ጀምራለች። ስትተኛ እጇን አንገቴ ላይ ጣል ታደርጋለች። ትናንት ረስታ «እማዬ» አለችኝና ደንግጣ አፏን ያዘች። «ግድ የለም» አልኳት። ወደ ጓዳ ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

እታለም፣ ክረምቱ ገብቷል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። መስከረም ላይ እዚሁ ትምህርት ቤት ባስገባት ብዬ አስቤ ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ «እማዬ በየት በኩል ነው የምትመጣ?» ትለኛለች።

ስለዚህ ዝናቡ ሳይብስ ነይ። አውቶቡስ ተራ ይዣት እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ ግን ቶሎ ልሂድ አትበይ፤ ጥቂት ሰንብቱልኝ። አልጋው ለሁለታችሁ ይበቃል፤ እኔ መሬት አነጥፋለሁ።

ጎረቤትሽን ሩቂያን «ዱዓሽ ደረሰ» በያት። አምላክ መንገድሽን ያቅናው፤ ጉልበትሽን ያጥናው።

የልጅሽ አክስት፣
ብርሀንነሽ