የአባትሽ ሳጥን ክዳን

የቤታችን አለቃ፣

ከሥራ ስትመለሺ የአባትሽን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ታገኚዋለሽ። እባክሽ በቢላ እንዳትነካኪው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጠዋት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩለት። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ስመለስ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ፣ ክዳኑ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀኝ። ሙዚየም ውስጥ በየሳጥኑ ሥር «ውሃ አይንካው» እያልኩ የምለጥፈው እኔው ነኝ።

ጥላ ውስጥ ይቆይ። ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። ሦስት አራት ቀን ከታገሥሽው ራሱ ይለቃል።

ስጠርገው ነው ያስተዋልኩት፤ አባትሽ ክዳኑንና ሆዱን ከአንድ ግንድ ነው ያወጡት። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ይወርዳል። አጠገቡ ያለውን ሰማያዊውን ሳጥን ከሙዚየሙ ኤግዚቢሽን የገዛሁት ላንቺ ነው። የሠራችው ልጅ በኛ ዕድሜ ናት። ክዳኑን ከፍ አድርገሽ ስትለቂው፣ ትንፋሹን እንደሚያወጣ ሰው ቀስ እያለ በራሱ ይገጥማል። ጎን ለጎን ያምራሉ፤ አትለያዪአቸው።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂው።

ትናንት እኔን እያሳየሽ «የዚችን ልጅ ክዳን እንኳን እኔ፣ መዶሻም አይከፍተውም!» ብለሽ እንግዶችሽን ስታስቂብኝ
ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም።

እህቴ ጋ ነኝ። በጣም ደክሞኛል።

ሳጥኑን የጠረግኩት የቤት ቁልፌን ውስጡ ትቼልሽ ልሄድ ብዬ ነበር። አልከፈት አለኝ።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው።